የጎን በር

የጸጉር ቤቴ መስኮት ከቺካሬሊ መጠጥ ቤት ፊት ለፊት ነው። የመቁረጫ ወንበሩን ወደ መንገዱ ያዞርኩት ለብርሃኑ ብዬ ነው እላለሁ፤ ውሸቴን ነው። እኔ ፕሪሞ ባልደሊ ወሬ እወዳለሁ። ወሬ የማይወድ ጸጉር አስተካካይ ጥርሱ እንደረገፈ ማበጠሪያ ነው። በዚያ ትልቅ በር ስንቱ ተኮፍሶ ሲገባ፣ ስንቱ ደግሞ እየዳኸ ሲወጣ አይቻለሁ። የቤቱን ባለቤት አልቢና ቺካሬሊን ግን በዚያ በር ስትገባም ሆነ ስትወጣ አንድ ቀን አይቻት አላውቅም።

የተወለደችው ከመጠጥ ቤቱ በላይ ካለው ፎቅ ላይ ነው። አባቷ ከሞተ ጀምሮ አርባ ዓመት ያህል ባንኮኒው ኋላ ቆማ ቀድታለች። ልክ ያለፈውን ጠጪ በኮሌታው አንጠልጥላ እስከ ፊት በር ታደርሰውና ወደ መንገዱ ትሸኘዋለች። እግሯ ግን ደፉን አይረግጥም። ከውስጥ ሆና «ነገ ሲበርድልህ ይቅርታ ልትጠይቀኝ ና!» ትለዋለች። ሰውየው በማግስቱ ይመጣል፤ የሚመጣው በፊት በር ነው። እሷ የምትገባው ግን የከሰል ማስቀመጫውን ታክኮ በሚዞረው ቀጭን መንገድ፣ በጎን በር ነው።

ሕጉን ያወጣው አያቷ ነው፤ ያጸናው ደግሞ አባቷ ኔስቶሬ። አያትየው ከኢጣሊያ፣ ከማርኬ ተራሮች፣ እዚህ አሜሪካ፣ ታነር ራን በምትባል ከተማችን የድንጋይ ከሰል ሊቆፍር የመጣ ሰው ነበር። ቤቱን የሠሩለት አብረውት የመጡት ጓደኞቹ ናቸው፤ እሑድ እሑድ ከወንዙ ድንጋይ እያወጡ፣ የጉልበታቸውን ዋጋ በወይን ጠጅ እየተቀበሉ። ግድግዳው ከታች ቀጥ ብሎ ከላይ ትንሽ የተንጋደደው የታችኛውን ጠዋት፣ የላይኛውን ከሰዓት በኋላ ስለሠሩት ነው እያልን እንስቃለን። ሲጨርሱት ወንድ በፊት በር፣ ሴት በጎን በር ተባለ። ሚስቶች ለባሎቻቸው ቢራ ሊወስዱ ሲመጡ ባልዲያቸውን በጎን በር አቀብለው በጎን በር ይቀበሉ ነበር።

አንድ ጊዜ ደፈር ብዬ ጠየቅኳት።

«አልቢና፣ አባትሽ ከሞተ ስንት ዘመኑ ነው? አሁን በፊት በር ብትገቢ ማን ያይሻል?»

«አንተ ታያለህ» አለችኝ። «ምሳ ሳይደርስ ደግሞ አገር ይሰማል።»

«እኔ? እኔ የሰው ምስጢር አወጣለሁ?»

«አይ፣ አንተማ አታወጣም። እሱ ራሱ ነው አምልጦህ የሚወጣው።» ከዚያ ብርጭቆውን እየወለወለች «እንዲያው እግሬ አይሄድም፣ ፕሪሞ። በዚያ በኩል ስሆን የሰው ቤት የገባሁ ይመስለኛል» አለች።

በዚህ ቤት ትልቁ ቀን የቅዱስ ማርቲን ዕለት ነበር። ኅዳር ላይ፣ ብርዱ ገና ሊጠና ሲል፣ አዲሱ ወይን ጠጅ ከበርሜሉ ይቀዳል። የበቆሎ ገንፎም ይሠራል፤ እኛ ፖለንታ እንለዋለን። በትልቅ የመዳብ ድስት እጅ እስኪዝል ሲማሰል ቆይቶ፣ የእኩለ ቀኑ የቤተ ክርስቲያን ደወል ሲደወል ገበታው ላይ ይገለበጣል። ገበታው ጠረጴዛውን ከዳር እስከ ዳር የሚሸፍን አንድ ወጥ እንጨት ነው። ገንፎው እንደ ሊጥ ይዘረጋል፣ መረቁ ይፈስበታል፣ ከመካከሉ ቋሊማው ይቀመጣል። ሰው ዙሪያውን ተቀምጦ ከፊቱ እየበላ ወደ መካከል ይገሰግሳል። ቀድሞ የደረሰ ቋሊማው የእሱ ነው። የጎረቤትን ፊት መንካት ነውር ነው፤ ኔስቶሬ ማማሰያውን ይዞ ቆሞ የሰረቀውን ጣት እየመታ «ድንበር አትግፋ!» ይል ነበር። ጉድጓድ ውስጥ አብረው ሲቆፍሩ የማይጣሉ ሰዎች በአንድ ማንኪያ ገንፎ ሲኮራረፉ አይቻለሁ።

ጥሪ የሚባል ነገር አልነበረም። ደወሉ ነው ጥሪው። ድስቱን የገለበጠውም ሰው ሁሉ በልቶ እስኪነሳ ከገበታው አይለይም፤ የተዘረጋ ገበታ ትቶ መሄድ እኛ ዘንድ ሬሳ ትቶ እንደመሄድ ነው። ሴቶቹ ግን አይቀመጡም። ያማስላሉ፣ ያቀርባሉ፣ ከዚያ ወጥ ቤት ገብተው ከድስቱ ግርጌ የተያዘውን ቅርፊት እየፋቁ ይበላሉ።

አልቢና ልጅ ሳለች አባቷን «አባባ፣ እኔም ልወዳደር?» ብላው ነበር። ኔስቶሬ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ጉንጯን ቆንጠጥ አድርጎ «አንቺ ከተቀመጥሽ ማን ያቀርባል?» አላት። እሷ ይህንን ስትናገር ትስቃለች። እኔም አብሬያት እስቅ ነበር።

አባቷ ሲሞት ድስቱን የምትገለብጠው እሷ ሆነች። ማማሰያውን ይዛ የምትቆመውም እሷ። ጣቴን ስንቴ እንደመታችኝ እኔ አውቃለሁ። ያኔም ቢሆን አልተቀመጠችም፤ ሰው ሲበዛ የሚያቀርብ ያስፈልጋል። አንድ ስሎቫክ ወጣት ወዷት ነበር፣ ዱሻን የሚባል፣ እጀ ሰፊ፣ ዝምተኛ። መኪና ፋብሪካ ሊገባ ወደ ዲትሮይት ሲሄድ አብረን እንሂድ አላት። «ቤቱንስ?» አለችው። በየገናው ካርድ ይልክላት ነበር፤ ከጊዜ በኋላ ካርዱም ቀረ።

ከዚያ የከሰል ጉድጓዶቹ ተራ በተራ ተዘጉ። ወጣቱ ሄደ፣ ሽማግሌው በሳንባ በሽታ ረገፈ። በማርቲን ዕለት ገበታውን የሚከቡት ሰዎች እያነሱ፣ መካከላቸው ያለው ቦታ እየሰፋ መጣ። በመጨረሻ አልቢና መጠጥ ቤቱን ዘጋች። እሷ ግን ከፎቁ አልወረደችም። ዓርብ ዓርብ ሲመሽ መስኮቱ ላይ ያለውን ቀይ የኒዮን መብራት ታበራዋለች፤ ማንም እንደማይመጣ እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ። ጸጉር ቤቴን ስዘጋ ያ ቀይ ብርሃን አስፋልቱ ላይ ወድቆ ሳየው ልቤ ይረበሽ ነበር። አንዳንዴ ተሻግሬ አንድ ብርጭቆ እጠጣለሁ። አንዳንዴ ደግሞ ይደክመኛል።

አንድ እሑድ መሰላል ልዋስ ሄድኩ። የጎን በሩ ገርበብ ብሏል፤ ገፋ አድርጌ ስገባ አልቢና ትልቁ ጠረጴዛ ጋ ተቀምጣለች። በትንሽ ድስት የሠራችውን ገንፎ የገበታው ማዕዘን ላይ ገልብጣ በማንኪያ ትበላለች። የቀረው ገበታ ባዶ ነው፣ ግን ታጥቦ ተወልውሎ ያበራል።

«ሳህን ጠፋ እንዴ ቤቱ ውስጥ?» አልኳት።

«ሳህን ሞልቷል» አለች ቀና ሳትል። «ሳህን ላይ ሳደርገው ግን ብቻዬን የምበላ ይመስለኛል።»

መሰላሉን ይዤ ወጣሁ። ተቀመጥ አላለችኝም፤ እኔም ልቀመጥ አላልኳትም። ሚስቴ ከሞተች ጥቂት ወራት ነበር፤ የሰውን ብቸኝነት የምሸከምበት ትከሻ አልነበረኝም።

ከጥቂት ዓመት በኋላ ወንዙ ሞልቶ ከተማውን አጠበ። የቺካሬሊ ቤት በወንዙ በኩል ያለው ግድግዳ እንደ እርጉዝ ሆድ ተነፋ። አንድ ቀን የከተማው ሰዎች መጥተው ፊት በሩ ላይ ቀይ ወረቀት ለጠፉ። እኔ የሰው ጢም እየላጨሁ አየኋቸው። አልቢና ከሳምንት በኋላ ጸጉር ቤቴ ገብታ የተራ ጠባቂ ወንበር ላይ ቁጭ አለች። ስትመጣ ያ የመጀመሪያዋ ነው፤ ደንበኞቼ ሁሉ እግራቸውን ሰበሰቡ።

«ፕሪሞ፣ ቤቱን ሊያፈርሱት ነው። ወረቀት ለጥፈውበታል።»

«አዎ፣ ባለፈው ሳምንት።»

«አይተኸው ነበር?»

«በሩ ላይ እኮ ነው! እንዲህ ትልቅ ሆኖ! ታውቂያለሽ ብዬ ነው።»

«እኔ በዚያ በር እገባለሁ? ዛሬ ፖስተኛው ነገረኝ።» ዓይኗ ግን አልቀየመም። ብትቀየመኝ ይሻለኝ ነበር። «ከተማው ሙሉ ያውቅ ኖሯል» አለች ቀስ ብላ። «መኪና ማቆሚያ ሊያደርጉት ነው አሉ፤ ለዚያ ለርካሽ ዕቃ መሸጫው።»

ስብሰባው በእሳት አደጋ ጣቢያው አዳራሽ ተጠራ። እዚያ ነው ሜርዲት ሎውሪን ያወቅናት፤ ከአውራጃው ከተማ የመጣች፣ የጥንት ቤቶችን የሚጠብቅ ማኅበር የምታስተዳድር ወጣት ሴት። ጫማዋን ሳይ ጭቃ ነክቶት የማያውቅ ሰው ናት ብዬ ነበር፤ ተሳስቻለሁ። በማግስቱ በሆዷ እየተሳበች የቺካሬሊን ጣሪያ ሥር ስትዞር ዋለች። ስትወርድ ጸጉሯ የሸረሪት ድር ሆኗል፣ ዓይኗ ዕንባ አዝሏል።

«ምሰሶዎቹን በምስማር አይደለም የያዟቸው» አለች። «ሁሉንም በእንጨት ሹል ነው። ወይዘሪት ቺካሬሊ፣ ይህ ቤት አይፈርስም። እኔ እያለሁ አይፈርስም!»

ሰማንያ ዓመት ሊሞላት ጥቂት የቀራትን ሴት «ወይዘሪት» ስትላት አልቢና በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ። «ሰማህ? ገና ለጋብቻ የደረስኩ ነኝ።»

ስምምነቱ ይህ ነበር፦ አልቢና ቤቱን ለማኅበሩ ታስረክባለች፣ ማኅበሩ ግድግዳውን አቅንቶ ቤቱን ያድሳል፣ እሷ ደግሞ ኮረብታው ላይ ወደሚገኘው የአዛውንቶች መኖሪያ ትገባለች። አልቢና እስኪጨርሱ ሰምታ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

«በማርቲን ዕለት ገንፎው ይገለበጥ። የመጣ ይቀመጥ። ሰው የማይበላበት ቤት ቢፈርስም ግድ የለኝም።»

«ቃሌ ነው» አለች ሜርዲት። ቃሏን የሰጠችው ከልቧ ነበር፤ ይህን እመሰክርላታለሁ።

እድሳቱ ሲጀመር አልቢና በየጠዋቱ ከኮረብታው በአውቶቡስ እየወረደች ከእኔ ሱቅ ፊት ትቆም ነበር። መጀመሪያ ግድግዳው ድንጋይ በድንጋይ ወርዶ እንደገና ተካበ። የተንጋደደው እንኳ እንደተንጋደደ ነው የተመለሰው፤ ሜርዲት «አቅኑት» ያሉትን ሁሉ ተቆጥታ መለሰቻቸው። ያኔ አልቢና በደስታ እጄን ጨበጠች። ከዚያ ግን ከውስጥ ዕቃ መውጣት ጀመረ። ራሷ የገዛቻቸው ቀይ የቆዳ ወንበሮች ወጡ። ሳንቲም ሲጎርስ የሚዘፍነው የሙዚቃ ሳጥን ወጣ። የጋዝ ምድጃዋ፣ ወለሉን ያለበሰችበት የፕላስቲክ ምንጣፍ፣ የኒዮን መብራቱ፣ የቤዝቦል ቡድናችን ፎቶግራፎች የተሰኩበት መስተዋት፣ ሁሉም ተራ በተራ መንገድ ዳር የቆመው የብረት የቆሻሻ ሳጥን ውስጥ ገባ።

አልቢና መንገዱን ተሻገረች። እኔም መቀሴን እንደያዝኩ ተከተልኳት።

«ልጄ፣ ይህ እኮ ይሠራል» አለቻት ሜርዲትን፣ የሙዚቃ ሳጥኑን እያሳየች።

«አውቃለሁ፣ ወይዘሪት ቺካሬሊ። ግን ቤቱን የምንመልሰው አያትዎ ወደነበሩበት ዘመን ነው። ከሺህ ዘጠኝ መቶ ሃያ ወዲህ የገባ ነገር አይቀመጥም። ደንቡ እንዲያ ነው።»

አልቢና ሳጥኑን አየችው፣ ቤቱን አየችው።

«እኔስ?» አለች። «እኔ የየትኛው ዘመን ነኝ?»

ሜርዲት ሳቀች፤ ቀልድ መሰላት። ከዚያ የእኔን ፊት አይታ ሳቋን አቆመች። አልቢና ከመስተዋቱ ላይ አንድ ፎቶ ነቅላ ኪሷ ከተተች። የእኛ ቡድን የተሸነፈበት ዓመት ፎቶ ነው። ሌላው ተጣለ።

አንድ ነገር ብቻ ሳይነካ ቀረ፤ የጎን በሩ። እሱ የጥንቱ ስለሆነ ፍቀው፣ አረንጓዴ ቀብተው፣ አሮጌ ቁልፉን ሳይቀይሩ መለሱትና ከላዩ «የሴቶች መግቢያ» የሚል የናስ ሰሌዳ መቱበት። አልቢና ስታየው «ካለቅን በኋላ ስማችንን ጻፉልን» ብላ ሳቀች። የቤቱ ቁልፍ ሁሉ ሲሰበሰብ የጎን በሩን ቁልፍ እሷ አልሰጠችም፤ የጠየቃትም የለም።

የሚመረቅበት ቀን የማርቲን ዕለት ሆነ። በዋዜማው ሜርዲት ኮረብታው ድረስ ወጥታ አነጋገረቻት።

«ነገ ሪባኑን የሚቆርጡት እርስዎ ነዎት። እኩለ ቀን ላይ፣ በፊት በር።»

«እኩለ ቀን ላይማ እጄ ድስት ላይ ነው። ሪባኑን ሌላ ሰው ይቁረጠው።»

«ያለ እርስዎ እንዴት ይከፈታል!»

አልቢና የይሉኝታ ንግግር ነው ብላ ሳቀች። ሜርዲትም የአልቢናን መልስ ትሕትና ነው ብላ ሳቀች። ገንፎው ከሪባኑ በኋላ ቀስ ተብሎ የሚሠራ ነገር መስሏት ነበር፤ ደወሉን ማን ይንገራት? እኛ ማርኬዎቹ ለማንም አንናገርም። ሁሉም የሚያውቀው ነገር ነው እንላለን፤ የሚያውቀው ሁሉ ግን መቃብር ገብቷል።

በዕለቱ ፊት በሩ ላይ ተሰበሰብን። ሰው መጣ፤ አልዋሽም፣ እኔ ካሰብኩት በላይ መጣ። የተሰደዱት የልጅ ልጆች ከነመኪናቸው ከሩቅ ከተማ መጥተዋል። የትምህርት ቤቱ የሙዚቃ ጓድ ጥሩምባውን ይዞ ተሰልፏል፤ ከንቲባው ዱዋይት ካፖርቱን ቆልፎ መቀስ ይዟል። ቀይ ሪባን በሩ ላይ ተወጥሯል፣ መስኮቶቹ ውስጡ እንዳይታይ በወረቀት ተሸፍነዋል። ሜርዲት የመጀመሪያው እርምጃ የአልቢና እንዲሆን ብላ ማንንም ወደ ውስጥ አላስገባችም። ጭስ ማውጫው ይጨሳል። እኔ ሜርዲት ያስሞቀችው መሰለኝ፤ ሜርዲት ደግሞ የከንቲባው ሰዎች ያቀጣጠሉት መሰላት።

ደወሉ ተደወለ። አልቢና የለችም።

ሙዚቃው ተጀመረ፣ አለቀ፣ እንደገና ተጀመረ። ወደ አዛውንቶቹ መኖሪያ ተደወለ፤ ጠዋት ወጥታለች አሉ። መኪና ተላከ፤ ሹፌሩ በመንገድ አላገኘኋትም ብሎ ተመለሰ። ነፋሱ ከወንዙ እየተነሳ ጆሯችንን ይቆርጠን ጀመር። ሕጻናት የያዙ ሰዎች ወደ መኪናቸው ገቡ፣ ከዚያ መኪኖቹ ሄዱ።

«ተቀይማ ነው» አለ ዱዋይት። «ዕቃዋን ስለጣሉባት ነው።»

«ትሆናለች» አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት፤ ስልሳ ዓመት ሙሉ በጎን በር ስትገባ የማውቃት ሰውዬ። ሁላችንም ፊት በሩን አፍጥጠን እናያለን፤ ከእኔ ጭምር ማንም አንገቱን ወደዚያ ቀጭን መንገድ ያዞረ የለም።

በመጨረሻ ሜርዲት ከንፈሯን ነክሳ ጭንቅላቷን ነቀነቀችና ዱዋይት ሪባኑን ቆረጠ። የቀረነው ጥቂቶች ነን፤ አጨበጨብን። በሩ ላይ ፎቶ ለመነሣት ደግሞ ሌላ ጊዜ ጠፋ። ከዚያ ሜርዲት ቁልፉን አዞረች።

ገና ሲከፈት የቋሊማው ሽታ ፊታችንን መታን። የድንጋይ ከሰሉ ምድጃ ግሏል። ትልቁ ጠረጴዛ ጎብኚ እንዳይቀርበው በገመድ ታጥሯል፤ ከገመዱ ውስጥ ግን ገበታው ከዳር እስከ ዳር ገንፎ ለብሶ ቢጫ ሆኗል። አልቢና የበዓል ቀሚሷን ለብሳ ከጎን በሩ በኩል ባለው ጫፍ ተቀምጣለች። ከፊቷ አንድ ጠባብ መንገድ ተበልቶ እንጨቱ ይታያል። መንገዱ ቀጥ ብሎ እስከ መካከሉ ይደርሳል። ቋሊማው አልተነካም፤ ማንኪያዋ ከአጠገቡ ተጋድሟል።

«ዘገያችሁ» አለች። «አሸነፍኩ።»

ማንም አልሳቀም።

«ደወሉ ሲደወል ገለበጥኩት» አለች ወደ እኔ እያየች። «ሙዚቃ ሰማሁ፤ ሲያልቅ ይገባሉ ብዬ ጠበቅኩ። እንደገና ጀመረ። ከዚያ ሲያልቅ ዝም አለ። መኪና ሲሄድ ሰማሁ። የተዘረጋ ገበታ ትተህ አትነሳ፣ ታውቀዋለህ። እየቀዘቀዘ ነው። ሙሉ ገበታ ጋ ተቀምጬ አላውቅምና ከፊቴ ጀመርኩ።»

ሜርዲት እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቆማለች። «እኛ እኮ ውጭ እርስዎን ስንጠብቅ ነበር! ያለ እርስዎ አንገባም ብለን ነው!»

«እኔም ውስጥ ሆኜ እናንተን።»

«ታዲያ ለምን በሩን አልከፈቱትም? ከውስጥ እኮ መቀርቀሪያ ብቻ ነው!»

አልቢና ወደ ፊት በሩ ዞረች። ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ የተቆረጠው ሪባን ደፉ ላይ ይንከባለላል። የማታውቀውን ሰው ቤት በር እንደምታይ ሁሉ አየችው።

«እኔ?» አለች።

ገመዱን አንስቼ በሥሩ ሾለክሁ። ወንበሩ ላይ «አይቀመጡ» የሚል ትንሽ ወረቀት ተለጥፏል፤ ቁጭ አልኩበት። ሜርዲት ገመዱን ከመንጠቆው ፈታችው፣ የቀሩትን ወረቀቶች እየላጠች ዕንባዋን በክንዷ ጠረገች። ዱዋይት ተቀመጠ፤ ከሩቅ ከመጡት መካከል ጥቂቶች ተቀመጡ። ሌሎቹ ፎቶ አንስተው ብርዱን አሳብበው ሄዱ። ከገበታው ዙሪያ አብዛኛው ወንበር ባዶውን ቀረ።

«ተወው፣ ድንጋይ ሆኗል» አለችኝ አልቢና።

«ጥርሱ የገዛሁት ነው፣ አይታዘንለትም።»

ገንፎው ቀዝቅዞ በማንኪያ አይቆረስም፤ በጣቴ ቆረስኩ። እጄ ሳላውቀው ወደ ከንቲባው ፊት ሄደ መሰለኝ፣ የአልቢና ረጅም ማማሰያ ጣቴ ላይ አረፈ።

«ድንበር አትግፋ!»

ያኔ ሳቅኩ፤ እሷም ትንሽ ሳቀች።

«ቋሊማውን ለምን አልበላሽውም?» አልኳት። «ቀድመሽ ደርሰሻል እኮ፤ ያንቺ ነው።»

«ብቻውን የሮጠ የሚቀድመው የለም» አለች። «አንድ ሰው ቢመጣ ብዬ ተውኩት።»

እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጥፋ፣ የእኔ መንገድ ከወዲህ ጫፍ እየተበላ ወደ መካከል ሲመጣ ታይ ጀመር። እኔም ቀስ ብዬ በላሁ። ቶሎ መድረስ አልፈለግኩም።